ያልጠየቅኋት ጥያቄ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ያልጠበቅሁት ግብዣ ደረሰኝ። በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥኑ አንዲት መምህርት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ባለች አንዲት ነርስ እህት በኩል፣ «ለአንድ ቀን ታካሚ ሆነው ይተውኑልን» ብለው ላኩብኝ። በ56 ዓመቴ ተዋናይ ልሆን ነው ብዬ ስስቅ፣ ባለቤቴ «መድረክ ላይ ከቆምህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ተማሪዎቹ የሚማሩት ሙያ የዘረመል ምክር ይባላል። ብዙዎቻችን ሰምተነው አናውቅ ይሆናል። ባልና ሚስት ልጅ እየጠበቁ ሳሉ በደም ምርመራ የሚያሳስብ ነገር ሲታይ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የጡት ካንሰር ከእናት ወደ ልጅ ሲደጋገም፣ ወይም አንድ ሕፃን ምክንያቱ ያልታወቀ ችግር ይዞ ሲወለድ፣ ሰዎቹ ወደ ዘረመል አማካሪ ይላካሉ። አማካሪዋ የቤተሰቡን ታሪክ ትጠይቃለች። ምርመራው ሊናገር የሚችለውንና የማይችለውን ታስረዳለች። ከዚያም ቤተሰቡ የራሱን ውሳኔ እንዲወስን ትረዳዋለች። በአሜሪካ ይህ በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት ከእውነተኛ ቤተሰቦች ጋር ቢያንስ 50 ጊዜ በሥራው መሳተፍ አለባቸው። ከሳይንሱ ጎን ለጎን ግን ሌላ ከባድ ትምህርት አለባቸው፤ እርሱም ማዳመጥ ነው። እኔ የተጠራሁት ለእርሱ ነበር።

ወዳጆቼ፣ የዚያን ቀን ነገር ከማጫወታችሁ በፊት የምናዘዘው አንድ ታሪክ አለኝ።

ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በአዲስ አበባ በአንዲት አጥቢያ አገለግል ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት እህት የሦስት ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ቢሮዬ ገባች። ልጁ ዳውን ሲንድረም እንዳለበት ሐኪም ነግሯታል። «ፓስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት» አለችና የልጁን ፊት ገለጥ አደረገችልኝ። እኔም ፊቱን አየሁ፤ ጥያቄዋን ግን አልጠበቅሁም።

በዚያ ዘመን የዘር ሐረግ እርግማን ትምህርት በየጉባኤው ይሰጥ ነበር። እኔም በአንድ ሴሚናር ላይ ተምሬው ማስታወሻዬ ገና ትኩስ ነበር። ወረቀት አወጣሁ። የአባቷን፣ የእናቷን፣ የአያቶቿን ስም በየደረጃው ጻፍሁ። ከዚያም እንደ መርማሪ ጠየቅኋት። በቤተሰብሽ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ነበር? አድባር የሚለማመን? ዛር ያለበት? እርሷም ጥቂት አስባ፣ የእናቷ እናት በዓመት አንድ ጊዜ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ፣ ዶሮ ታሳርድ እንደ ነበር ነገረችኝ። «ይኸው!» አልሁ። በአያቷ ስም ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ሠራሁ። እያንዳንዱን ነገር በስም እየጠራች እንድትክድ አደረግኋት። የሦስት ቀን ጾም አዘዝሁ። በልጁ ላይ እጄን ጭኜ ጮኬ ጸለይሁ። ከዚያም ሰዓቴን አየሁ፤ የሽማግሌዎች ስብሰባ ነበረብኝ።

አመስግናኝ ወጣች። ጥቂት እሑዶች መጣች፤ ከዚያ በኋላ ቀረች። ከዓመት በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ያ ቀይ ክብ ከወረቀቴ ወጥቶ የባሏ ቤተሰብ አፍ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ይህ ከእናንተ ቤት የመጣ ነው» ተባለች። ይህን ስሰማ አዘንሁ። ነገር ግን ያዘንሁት በእነርሱ ላይ ነበር። በራሴ ላይ ለማዘን ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ ያውም አንዲት ልጄ የምትሆን ተማሪ ፊት ተቀምጬ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። መምህርቷ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ለእኛ ለተጋበዝነው ሰዎች የሙያውን ታሪክ ባጭሩ ነገሩን። ስሙን ያወጣው ሼልደን ሪድ የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። አዲስ ስም የፈለገበት ምክንያት ነበረው። ከእርሱ በፊት ስለ ሰው ዘር ምክር የሚሰጡት ብዙዎች የሰውን ዘር እናሻሽላለን የሚሉ ነበሩ። ይህ ዩጄኒክስ የተባለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያ ግዛት ካሪ በክ የተባለችን ወጣት ሴት እንድታመክናት ፈቀደ። በእንደዚህ ያሉ ሕጎች በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። በጀርመንም በ1933 የናዚ መንግሥት ተመሳሳይ ሕግ አውጥቶ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎችን አምክኗል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ሁላችን እናውቃለን።

መምህርቷ ወደ እኔ ሳያዩ አንድ ነገር ጨመሩ። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ዩጄኒክስ ማኅበር ይህን ሐሳብ ከመድረክ አሳምሮ ለሚሰብክ አገልጋይ የገንዘብ ሽልማት የሚሰጥበት ውድድር ያወጣ ነበር። ስብከታቸውን ልከው የተወዳደሩ አገልጋዮችም ነበሩ። አንገቴን ደፋሁ። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ ይዞ የሰውን የዘር ሐረግ በቀይ የከበበ የመጀመሪያው ሰው እኔ አልነበርሁም ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የተነሣ ሙያው አንድ ነገር ወሰነ፤ ማን ይወለድ፣ ማን አይወለድ ብለን ለሰው አንነግርም አለ። ለዘረመል አማካሪዎች የመጀመሪያው የማስተርስ ትምህርት በ1969 ኒው ዮርክ አጠገብ በሚገኘው ሣራ ሎውረንስ ኮሌጅ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ጆአን ማርክስ የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ መሪነቱን ተረከቡና ለ26 ዓመታት መሩት። እርሳቸው ተማሪዎቹ ስለ ክሮሞዞም ብቻ ሳይሆን ከፊታቸው ስለ ተቀመጠው ሰውም እንዲማሩ አደረጉ። ለዚህም የካርል ሮጀርስን ትምህርት ተጠቀሙ።

የካርል ሮጀርስን ስም በኮሌጅ ሳለሁ በሥነ ልቦና ክፍል ሰምቼው ነበር፤ ለፈተና አጥንቼ ረስቼዋለሁ። በ1902 ጥብቅ ከሆነ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በ1922 ለክርስቲያን ተማሪዎች ጉባኤ እስከ ቻይና ተጉዟል። ኒው ዮርክ በሚገኝ ሴሚናሪ ለአገልግሎት ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ትቶ ወደ ሥነ ልቦና ገባ። በ1951 ስለ ምክር በጻፈው መጽሐፍ ምክሩ በአማካሪው ላይ ሳይሆን በተመካሪው ላይ የቆመ መሆን አለበት አለ። ሰው እንዲለወጥ ከአማካሪው የሚያስፈልጉትን ነገሮች ሲዘረዝር ሦስቱ ከሁሉ ይልቅ ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የሌላውን ሰው ዓለም በእርሱ ዓይን ማየት ነው። ሁለተኛው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ነው። ሦስተኛው ሳያስመስሉ እውነተኛ ሆኖ መገኘት ነው።

በሁሉም ነገር ከሮጀርስ ጋር አልስማማም። እርሱ ሰው በውስጡ መልካም ስለ ሆነ ሁኔታው ከተመቻቸለት ራሱ ወደ መልካም ያድጋል ብሎ ያምን ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን ልብ አውቀዋለሁ፤ አዳኝ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሴሚናሪውን ትቶ የወጣ ሰው፣ ሴሚናሪውን የጨረስሁት እኔ የጎደለኝን ነገር አስተማረኝ። ይህን አለመናገር ኩራት ነው።

ከሰዓት በኋላ ልምምዱ ተጀመረ። ገጸ ባሕርዬ በወረቀት ተሰጠኝ። የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴ የ13 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ የደም ምርመራው ሕፃኑ ዳውን ሲንድረም ሊኖረው እንደሚችል አሳይቷል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለሆነች ብቻዬን መጥቻለሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው ተማሪ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ካሜራው በርቷል። ሌሎቹ ተማሪዎች ከመስተዋቱ ጀርባ ሆነው ያያሉ።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝና ጀመረች። የሰው ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ 46 ክሮሞዞም እንዳለው፣ በዳውን ሲንድረም ግን 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሆኖ እንደሚገኝ፣ ይህም በ1959 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች እንደ ታወቀ አስረዳችኝ። የእናት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ዕድሉ ከፍ እንደሚል፣ በ25 ዓመት ከ1,200 አንድ ገደማ፣ በ40 ዓመት ደግሞ ከ100 አንድ ገደማ እንደሚሆን ነገረችኝ። የደም ምርመራው ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ ማረጋገጥ ከፈለግን የሽርት ውኃ ምርመራ እንዳለ ገለጸችልኝ። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር። እኔም እንደ ተባልሁት ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልሁ። እርሷም ይበልጥ ፈጥና ተናገረች።

መምህርቷ በሩን ከፍተው ገቡና ልምምዱን አቆሙት። መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ፦ «ምን ሰሙ?» እኔም «መጀመሪያ ላይ ቁጥር ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም» አልሁ። ቀጥለው ልጅቷን ጠየቋት፦ «ዓይኑን ወደ መሬት ሲጥል አንቺ ውስጥ ምን ሆነ?» ልጅቷ ዝም አለች። ፊቷ ቀላ። ከዚያም «ፈራሁ። ስለ ፈራሁ ወደ ቁጥሮቹ ሸሸሁ» አለች።

ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥሁ። እኔም እኮ እሸሻለሁ። እርሷ ወደ ቁጥር ትሸሻለች፤ እኔ ደግሞ ወደ ጥቅስ፣ ወደ ጸሎት፣ ወደ ሴሚናር ማስታወሻ እሸሻለሁ። ያን ማክሰኞ ያደረግሁትን ሁሉ በእምነት ያደረግሁት ይመስለኝ ነበር። ያን ሕፃን ሳየው ግን ፈርቼ ነበር። የምለው ነገር እንደሌለኝ ላለማወቅ ቶሎ የምለው ነገር አገኘሁ።

መምህርቷ ልጅቷን አልገሠጿትም። ሲሞር ኬስለር የተባለ የሥነ ልቦና ሰው በዚህ ሙያ ሁለት መንገዶችን እንደ ለየ አስታወሷት፤ አንዱ ማስተማር ነው፤ ሌላው ማማከር ነው። አስተማሪ መረጃው እንደ ተላለፈ ሥራው አልቋል ይላል። አማካሪ ግን መረጃው በሰውየው ውስጥ ምን እንዳደረገ ካላወቀ ሥራው አልተጀመረም። «አሁን እንደገና እንጀምር» አሉ።

በሁለተኛው ጊዜ ልጅቷ መናገር አልጀመረችም። «ዛሬ ወደዚህ ሲመጡ ከሁሉ በላይ ልብዎን የያዘው ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ላይ ለዚህ የተጻፈ መልስ አልነበረኝም። «ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም» አልኋት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። እርሷም «እናትዎ ሲሰሙ የሚሉት ነገር ያስጨንቅዎታል» አለችና ዝም አለች። አዲስ ነገር አልጨመረችም፤ የሰማችውን ብቻ ነው መልሳ የሰጠችኝ። እኔ ግን ብዙ ተናገርሁ።

ከዚያም «የቤተሰብዎን ሥዕል አብረን ብንሥል ይፈቅዳሉ?» አለችኝ። ወረቀት አወጣች። ወንዶቹን በካሬ፣ ሴቶቹን በክብ ትሥላለች፤ የሙያው ደንብ ነው። አባቴን በካሬ፣ እናቴን በክብ ሣለች። «የእናትዎ እናትስ?» ብላ ጠየቀችኝና ክብ ሣለች።

ያንን ክብ ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በለሰለሰ ድምፅ «ብዙ ሰዎች ይህን ሥዕል ስንሥል ጥፋተኛ የምንፈልግ ይመስላቸዋል። እኛ ጥፋተኛ አንፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ሕዋስ ሲከፈል በሚፈጠር አጋጣሚ ነው። እርስዎም ባለቤትዎም አያቶቻችሁም ስላደረጋችሁት ነገር አይደለም» አለች። እንባዬ መጣ። ወረቀቱ ላይ አልቅስ የሚል አልነበረም። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ሶፍት ከመጀመሪያው ጀምሮ እጄ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ አንሥታ ግን አልሰጠችኝም። በኋላ መምህርቷ እንዳስረዱን፣ ሶፍት ፈጥነን ስንሰጥ አንዳንድ ጊዜ «ማልቀሱ ይብቃ» ማለታችን ይሆናል። ረጅም ጊዜ ቆይታ «ማን ትዝ አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከገጸ ባሕርዬ ወጥቼ «አንዲት እህት» አልሁ።

በዕረፍት ሰዓት ቡና ይዘን ቆመን ሳለ መምህርቷን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «እኔ ፓስተር ነኝ። በማኅፀን ያለ ሕይወት ከእግዚአብሔር እንደሆነ አምናለሁ። እናንተ ደግሞ አንመራም ትላላችሁ። ይህ እውነትን መሸሽ አይሆንም?» አልኋቸው። አልተቆጡም። «ተማሪዎቼን እምነት አይኑራችሁ አልላቸውም። እምነታችሁን ደኅና አድርጋችሁ እወቁት እላቸዋለሁ፤ በጠረጴዛ ሥር አሾልካችሁ እንዳታቀብሉ» አሉኝ። ደግሞም ብዙ ወላጆች ምርመራውን የሚፈልጉት ለመዘጋጀት እንደሆነ ነገሩኝ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ወላጆች አስቀድመው ካወቁ የልብ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል መውለድ ይችላሉ። ይህን በመስማቴ አፈርሁ፤ እኔ ምርመራ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ዛሬም ስለ ሕይወት የማምነውን አምናለሁ። የምጠየቅበት ጊዜ ሲመጣ አልሸሽግም። የፓስተር ሥራና የዘረመል አማካሪ ሥራ አንድ አይደለም፤ እኔ የምናገረው ቃል የተሰጠኝ ሰው ነኝ። ሆኖም ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ሰውየውን ሳልሰማ የምናገረው እውነት ለእርሱ የተነገረ አይደለም። የራሴን ፍርሃት ለማስታገሥ የተነገረ ነው። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰሙ መመለስ ስንፍናና ውርደት እንደሆነ ይነግረናል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! ሁልጊዜ ግን ስለ ሌሎች ሰዎች ነበር የሚመስለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የኢዮብን ወዳጆች አሰብሁ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩትም። ከሥራቸው ሁሉ የሚሻለው እርሱ ነበር፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በዮሐንስ 9 ያሉትን ደቀ መዛሙርትም አሰብሁ። ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ከፊታቸው ተቀምጦ ሳለ እነርሱ ኃጢአቱ የማን ነው፣ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ባይዙም ጥያቄው የእኔ ጥያቄ ነው። ጌታ ግን ክብ አልሠራም። የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት አይደለም አላቸውና ወደ ሰውየው ቀረበ። በማርቆስ 10 ላይ ደግሞ በርጤሜዎስ ሲጮኽ፣ ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። የዕውር ሰው ፍላጎት ግልጽ አልነበረም? ጌታ ግን ከአፉ መስማት ፈለገ።

የማቴዎስ ወንጌል ደግሞ በዘር ሐረግ ይጀምራል። ትዕማር አለች፤ ረዓብ አለች፤ ሩት አለች፤ የኦርዮ ሚስት አለች። ጌታችን ከዚህ የዘር ሐረግ ሥር ስሙን ሲያስገባ አንዳቸውንም አልፋቀም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ በአያቷ ስም ዙሪያ በሠራሁት ክብ ምክንያት ልቤ ተሰበረ።

ያን ሳምንት ከድሮ ሽማግሌዎቻችን አንዱን ጠይቄ የእህታችንን ስልክ ቁጥር አገኘሁ። ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርሁ። በአራተኛው ቀን ደወልሁ።

«ፓስተር? በደኅና ነው?» አለችኝ። ድምፄን ታውቀዋለች።

«በደኅና ነው እህቴ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የደወልሁት» አልኋትና ያን ማክሰኞ ያደረግሁትን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኋት። ወረቀቱን፣ ክቡን፣ ሰዓቴን ማየቴን ጭምር። እርሷ ዝም አለች። እኔም እንደ ተማርሁት ዝምታውን አልሞላሁትም። ከዚያም ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት። «ያን ቀን አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት ብለሽ ነበር። ምን ነበር?»

ትንፋሿ ይሰማኛል። «በሚመጣው እሑድ ሕፃናት በጉባኤ ፊት የሚቀርቡበት ቀን ነበር። የእኔንም ልጅ ከሌሎቹ ጋር አቅርበው ይባርኩልኛል ወይ ብዬ ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ይህ ብቻ ነበር። እርግማኑ ከየት መጣ ብላ አልመጣችም። የልጇ ስም በጉባኤ እንዲጠራ ነበር የፈለገችው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ «አዎን» የሚል።

ልጁ ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዛው እርሱ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በሄዱበት ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ወንበር ይደረድራል፤ ሰላምታ ሲሰጥ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ሰላም ይላል። ከአባቱ ጋር ተለያይተዋል። እኔ የሠራሁት ክብ በዚያ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው እግዚአብሔር ያውቃል፤ እርሷ አልነገረችኝም። «ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ግን ዛሬ አይደለም። ደግመው ይደውሉ።»

ደግሜ ደወልሁ። አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እደውላለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ስልኩን ለልጇ ሰጠችው። «አንተ ማነህ?» አለኝ። ስሜን ነገርሁት። «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይቼ «እንዴት እንደ ዋልህ ልሰማ ነው» አልሁት። ስለ ዳቦ ቤቱ ብዙ አወራኝ፤ እኔም ሰማሁት።

አሁን በቤተ ክርስቲያናችን ሰው የሚያማክሩትን ወንድሞችና እህቶች ስናሠለጥን የተማርሁትን ትንሽ ነገር እንለማመዳለን። ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው የሰማውን ብቻ መልሶ ይናገራል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጥቅስ አይጠቀስም። ቃሉ የተናቀ እንዳይመስላችሁ፤ ለማን እንደምንናገረው እስክናውቅ ድረስ ነው። ጸሎት ከመጀመራችንም በፊት ምን ብለን እንድንጸልይላቸው እንደሚፈልጉ እንጠይቃለን። ዘረመልን ወይም ሌላ ሕመምን የሚመለከት ነገር ሲሆን ደግሞ ባለሙያ እንዲያዩ እናበረታታለን፤ ከፈለጉም አብረናቸው እንሄዳለን። አንድ ነገር ግን ከልክያለሁ። ስለ ታመመ ልጅ ሊያማክረን የመጣ ወላጅ ፊት የማንም አያት ስም በቀይ አይከበብም።

ይህን ስታነቡ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ትኖሩ ይሆናል። ምናልባት እንደ እኔ ያለ አገልጋይ ፊት ተቀምጣችሁ ያልጠየቃችሁትን መልስ ይዛችሁ ወጥታችኋል። ስለ እርሱ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። ልጃችሁ የማንም ቅጣት አይደለም። የመጣችሁበትን ጥያቄ ዛሬም ጌታ ሊሰማው ይወድዳል፤ ከአፋችሁ።

ጌታ ሆይ፣ ቶሎ ስለ ተናገርሁባቸው ሰዎች ሁሉ ይቅር በለኝ። የተሰበረ ሰው ከፊቴ ሲቀመጥ ፍርሃቴን ወደ አንተ ላምጣው እንጂ በእርሱ ላይ አልጫነው። ልጅህ በመንገድ ዳር ቆሞ እንደ ሰማ እኔንም መስማት አስተምረኝ። አሜን።